ባላንጣን ሽማግሌ መላክ

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ የእኛ ቤት ከጎረቤታችን ቤት በታች ነው። ክረምት ሲገባ ከእሳቸው ግቢ የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ ሳሎናችን ይገባል። አባቴ ተናዶ ቦዩን በድንጋይ ደፈነው። ውሃው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የእሳቸውን የጭቃ ግድግዳ ናደው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አቋርጠው ተካሰሱ። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል እንደሚባለው፣ ከእሳቸው እንዋሰው የነበረውን አካፋና መሰላል ገዛን።

ሰፈሩም ለሁለት ተከፈለ፦ ቦዩ ይከፈት የሚልና ይደፈን የሚል። ጸጉሬን ልስተካከል ስገባ እንኳ አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ የማን ወገን እንደሆንኩ ይጠይቀኛል።

በዚህ መሃል ሚስት ላገባ ተነሳሁ። የልጅቷ አባት ቁስቋም የሚኖሩ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ከእኔ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን በቆሙበት መልሰዋል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የሚያግባባ በሰፈራችን ከጎረቤታችን በቀር የለም። አባቴን ከቦዩና ከሰርጌ አንዱን ምረጥ አልኩት።

«ለምን እመርጣለሁ? ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለና ሻዩን ፉት አለ። አስተዋይ ስለሆነ አይደለም፤ ስስታም ስለሆነ ነው።

እየፈራሁ ጎረቤታችን ዘንድ ወጣሁ። ጠቡ ከአባቴ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር እንዳልሆነ ነገሩኝና ቀኑን ጠየቁኝ።

የሆነውን የነገረችኝ ከመጋረጃ ጀርባ ስታዳምጥ የነበረችው የዛሬዋ ባለቤቴ ናት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አባትዬው የልጁ አባት ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ጠየቁ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ደግ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው ለማለት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጎረቤታችን ቀደሟቸው።

«ግትር ነው። ግድግዳዬን አፍርሶብኛል፤ ከስሼዋለሁ፤ እረታዋለሁም። ባለፈው ክረምት ታምሜ ስወድቅ ግን በሬን ሰብሮ ገብቶ፣ በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለዚያ ቤት እሰጥ ነበር።»

አባትዬው እስከዛሬ የመጣው ሁሉ መልአክ ሲያቀርብላቸው እንደነበር፣ ሰው ይዞ የመጣ ግን ጎረቤታችን የመጀመሪያው እንደሆኑ ተናገሩ። ከዚያ ቁጭ በሉ አሏቸው።

የመታዘሉን ነገር እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ስሰማ አባቴን በጣም ወደድኩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ነገር አይደለም።

ተጋባን። ክሱ ግን ዛሬም አልተዘጋም። የቀጠሮ ዕለት ሁለቱ በአንድ ታክሲ ይወርዳሉ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ቦዩ ይነታረካሉ። አንድ ቀን አባቴን፣ በዚያ ሁሉ ጠብ መሃል ለምን አዘልካቸው አልኩት። የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁት ይመስል አየኝ።

«እሱ ቢሞት ከማን ጋር ልከራከር?»