ጋሽ መርዕድን ከውድድር ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ

ዛሬ ሶለንቱና ከተማ በነበረው የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ጋሽ መርዕድ አንድም ጥይት ሳይተኩሱ ከውድድር ውጭ ሆኑ።

ከመጀመራችን በፊት ዳኛዋ በእያንዳንዱ ሽጉጥ ምላጭ ላይ የአንድ ኪሎ ክብደት ታንጠለጥላለች። ምላጩ ያንን መሸከም ካልቻለ ከሚፈቀደው በላይ ቀሏል ማለት ነው።

ክብደቱ ገና ከመንጠልጠሉ የጋሽ መርዕድ ምላጭ ቀጭ አለ።

ያቀለልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ክለባችን ውስጥ «ጋሼ፣ ጣትዎን የሚያደክመው ይሄ ነው» ብዬ የምላጩን ብሎን ፈታ አደረግኩት። ጥይቱንም እኔው መረጥኩላቸው። ሁለት ሦስት ቪዲዮ ያየ ሰው ባለሙያ አይደል? መልሼ መመዘኑ ግን ትዝም አላለኝ።

ዳኛዋ «ማነው የነካካው?» ብላ ጠየቀች። አጠገባቸው ቆሜ ጫማዬን አየሁ።

ጋሽ መርዕድ፣ ሰባን ያለፉት ሰውዬ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

የኔ ሽጉጥ አለፈ። ሦስተኛ ወጣሁ። ጋሽ መርዕድ ከኋላ ሆነው አጨበጨቡልኝ።

ስንመለስ ፔንደል በሚሉት ባቡር ላይ አጠገቤ ተቀመጡና «ያ የመረጥክልኝ ጥይት እንዴት ነው? እኔማ ሳልሞክረው ቀረሁ» አሉኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳቸው። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን እስክንለያይ ድረስ ማውጣት አቃተኝ።

ነገ ፋርስታ ሰፈር ቤታቸው እሄዳለሁ። እናንተስ፣ ጥፋታችሁን ሌላ ሰው ሲሸከምላችሁ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በኋላ በምን ፊት ሄዳችሁ?

ጋሽ መርዕድ ፌስቡክ የላቸውም። እዚህ ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚሁ ነው።