የአቶ ገመቹ ኮርቻ

በቅሎ በቅርብ ከማየቴ በፊት ኮርቻ አጥቤያለሁ። ጋምቤላ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ አይገርምም። የቆላው ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ስለሚያመጣ ፈረስና በቅሎ እኛ ዘንድ አይበረክቱም። ኮርቻው ግን ሊታጠብና ሊጠገን ከደጋ በመኪና እየተጫነ ይወርድልን ነበር።

የተቀጠርኩት ገበያው ጥግ ባለችው የጋሽ ሙሄ ቆዳ መስፊያ ሱቅ ነው። ጋሽ ሙሄ ከወሎ የመጡ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቶሎ ተቆጥተው ቶሎ የሚረሱ ሰው ነበሩ።

«አሪየት ነው ያልሽኝ ስምሽን? ማጠብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ሁለት ልጅ አለኝ። ማጠብ እችላለሁ» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ኮርቻውን እንደ ልብስ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በሳሙና አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ቀትር ላይ ብቅ ሲሉ ቆዳው ተኮማትሮ፣ አንዱ ጎኑ ወደ ላይ ተንጋዷል።

«ያ አላህ! ቋንጣ አደረግሽው እኮ!»

መባረሬ ነው ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን ጨርቅ አቀበሉኝና ጎናቸው አስቀመጡኝ። ሻጋታው ሌላውን ኮርቻ እንዳይበክል ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። ከዚያ ቆዳው ውሃው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ይወለወላል። ማንጎው ጥላ ስር አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ስፌቱ አንድ በአንድ በጥፍር እየተሳበ ይፈተሻል። ሞራና ሰም አብሮ ቀልጦ በመዳፍ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም በስሱ፤ በእኛ ሙቀት ሞራ ከበዛ ቆዳው ይላሽቃል። የዚያ ሞራና ሰም ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ወስፌ የሚነኩት ጋሽ ሙሄ ብቻ ነበሩ። እኔ አጥባለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ እቀባለሁ። የላላ ወይም የበሰበሰ ክር ካገኘሁ ኮርቻውን ለብቻው አስቀምጬ ለእሳቸው መንገር ነው። ሳይሰፋ ከሱቁ አይወጣም።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምወደው አቶ ገመቹን ነበር። ከደጋው ከጎሬ የሚመጡ ቡና ነጋዴ ናቸው። ቡና ይዘው በወረዱ ቁጥር ኮርቻቸውንም ይዘው ይመጣሉ። እኔ ሳጥብ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ በቅሏቸው ስለ ዳማ ያወራሉ። ድልድይ ላይ ስትደርስ ቆማ ፈቃድ እንደምትጠይቅ፣ ሰው ሲያማ ከሰማች ጆሮዋን እንደምትጥል። የመጨረሻውን እንኳ አላመንኳቸውም፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ጋሽ ሙሄ ፑኝዶ ከተማ ለቅሶ ሄደው ሳለ አቶ ገመቹ ኮርቻቸውን ጥለውልኝ ሄዱ። በማግስቱ ሊወስዱት ሲመጡ ደርቆ ስፌቱን እየፈተሽኩ ነበር። በበቅሎዋ ሆድ ስር የሚያልፈውን ጠፍር ስስብ ክሩ ጠቁሮ፣ ጥፍሬ ስር እንደ ዱቄት ፈረሰ። መኪናቸው ሊነሳ ነው። እሳቸው ደግሞ የኮርቻውን መቀመጫ እየዳበሱ «እጅሽ ይባረክ አሪየት! አዲስ አስመሰልሽው እኮ!» ይላሉ።

ያን ምርቃት ተቀብዬ ወዲያው «አይሆንም፣ ይቆይ» ማለት አቃተኝ። ክሩ ላይ ሞራ ደፈንኩበት። ጠፍሩ አማረ። ሰጠኋቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ገመቹ አንድ እጃቸው በጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮ መጡ። ኮርቻውን መሬት ላይ ጣሉት።

«ዳማ ጣለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትጥለኝ፣ ቁልቁለት ላይ ዘላ ጠፍሩን በጠሰችው። ጠግኑትና ልሽጠው፤ ከእንግዲህ በቅሎ ላይ አልወጣም።»

«በቅሎዋስ?» አሉ ጋሽ ሙሄ ከመስፊያቸው ቀና ብለው።

«ለኢታንግ ነጋዴ ሸጥኳት። መንገድ በጎርፍ ሲዘጋ እህል ያስጭንባታል። ባለፈው ሳምንት ወሰዳት።»

«ኢታንግ? እዚያ ቆላ ገንዲው ይጨርሳታል እኮ!»

«የካደችኝን ምን ላድርጋት?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ጠፍሩን አንስቼ አየሁት። በቅሎ ዘላ የበጠሰችው ቢሆን ኖሮ የመርፌው ቀዳዳዎች ይተረተሩ ነበር። ሁሉም ደህና ነበሩ። የለቀቀው ክሩ ነው። ኮርቻው ዞሮ ሆዷ ስር ሲገባ ዳማ ደነገጠች፤ ሌላ ጥፋት የላትም። አዲስ ክር ከገባበት ይህን ማንም አያውቅም። ልጆቼን አሰብኩ፣ እንጀራዬን አሰብኩ። ያን ጊዜ አማርኛዬ አጭር ነበር፤ ያለኝን ያህል ተናገርኩ።

«አቶ ገመቹ፣ ዳማ አልበጠሰችም። ክር የበሰበሰ ነበር። እኔ አየሁ፣ ሞራ ቀባሁ፣ ዝም አልኩ።»

አቶ ገመቹ ጠፍሩን ከእጄ ወስደው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ። «ዘጠኝ ዓመት!» አሉ። ሰደቡኝ ማለት አልችልም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮርቻውን እዚያው ትተው ወደ ኢታንግ መኪና መሳፈሪያ ሮጡ።

ጋሽ ሙሄ ጠፍሩን ሲሰፉ ዋሉ። ሱቁን ሲዘጉ «ነገ ቀደም ብለሽ ነይ» አሉኝ። አለመባረሬን ያወቅሁት በዚህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የጎሬ ሾፌር ኮርቻውን ሊወስድ መጣ።

«በቅሎዋስ?» አልኩት ሰላም ሳልለው።

«መልሰው ገዟት። ከስታለች፣ ግን ትበላለች።» ኮርቻውን መኪናው ላይ ጫነና ዞር አለ። «ደግሞ ንገር ያሉኝ አለ። ከእንግዲህ የሚያሳጥቡት ጎሬ ነው።»

በደስታም በሐዘንም አለቀስኩ። አቶ ገመቹ ከዚያ ወዲህ ሱቃችንን ረግጠው አያውቁም። ስለ ዳማ የሚያወራልኝ ሰው ቀረ።

ጋሽ ሙሄ ካረፉ ቆዩ፤ ሱቁ በእኔ እጅ ነው። አሁን የምንሰፋው የባጃጅና የሞተር ወንበር ነው፤ ኮርቻ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። አብራችሁኝ ለምትሠሩ የምለው ይህ ነው፦ ከመቀባታችሁ በፊት ስፌቱን ሳቡ። የተበላሸ ካገኛችሁ፣ ባለቤቱ ገና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ንገሩት።