መብራቱ እንዲታይ ብዬ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር እሄዳለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ትንንሹን ኃጢአት እዘረግፋለሁ፤ ይቺን ግን ዋጥ አድርጌ እመለሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። እንዳታዝኑልኝ ብቻ። የሚታዘንለት ሰው ሌላ ነው።

ቆቦ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፤ ሰርግ እንቀርጻለን፣ እናቀናብራለን። ሥራውን የሚሠራው ሰይድ የሚባል የሮቢት ልጅ ነበር። እኔማ ባለቤት ተብዬ ነኝ፤ ሥራዬ ደጅ ቆሞ ሰው መጥራትና ጉራ መንዛት። አሮጌው ኮምፒውተር እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረን፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ራሳችን ልንገጣጥም ተስማማን። በሌላው ሁሉ አልተጣላንም። የተጣላነው በኬዙ፣ ዕቃው በሚገጠምበት ሣጥን ነው።

ሰይድ የመረጠው ፊቱ ወንፊት የሆነ ጥቁር ቆርቆሮ ነበር። የማቀዝቀዣ ፋኖቹ ትልልቅ፣ መብራት የሚባል ነገር የሌላቸው። "ጋሼ፣ አገራችን ቆላ ነው፣ አቧራውም አይቻልም፤ ማሽኑ ይተንፍስ" አለኝ። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ሌላ አይቻለሁ። ፊቱም ጎኑም መስተዋት፣ ፋኖቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እየሆኑ የሚሽከረከሩ። ከጎብዬም ከዋጃም ለገበያ የመጣው ሰው በራፌ ላይ ቆሞ "ጉድ እኮ ነው!" ሲል ታየኝ። ዓይኔ ነው የበላኝ! የኔን አስመጣሁ። ከፋኖቹ ፊት አቧራ የሚይዝ ስስ መረብ ነበረው፤ መብራቱን አደበዘዘብኝና ሰይድ ምሳ ሲወጣ ነቅዬ ጣልኩት። እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ማንም አላዘዘኝም።

ሰይድ ከድር የሚባል የዋጃ ጓደኛ ነበረው። ከድር ሲያገባ ሚዜው ሰይድ ስለነበር፣ የዚያን ቀን ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከድር የእናቱን፣ የእማ ዘሐራን ጉልበት ሲስም፣ እሳቸውም እያለቀሱ ሲመርቁት ቀርጫለሁ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ቪዲዮው ገና ሳይቀናበር፣ ያለውም ማሽኑ ውስጥ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከድር በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ።

ሰይድ ወደ ለቅሶው ሲሮጥ አንድ ነገር ለመነኝ። ማሽኑ እየጋለ ስለሆነ አጥፋው፤ ተመልሼ የከድርን ሰርግ ሌላ ዲስክ ላይ እስክገለብጠው እንዳትከፍተው አለኝ። እሺ አልኩት። በማግስቱ ገበያ ነበር። እኔስ ምን አደረግኩ? ከፈትኩት። ለምን? ለሥራ? የምን ሥራ! መብራቱ እንዲታይ ብዬ ነው። በዚያ የቆቦ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲበራ ዋለ፤ አመሻሹ ላይ ስክሪኑ ጭልም አለ። ስፈታው አቧራው ፋኖቹ ላይ ተጋግሮ፣ ዲስኩ እጅ አላስነካ ብሎ ፈጀኝ። ወልድያ ወስጄ አሳየሁት፤ አለቀለት ተባልኩ።

ያኔ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበር? ያ ስህተት ነበር፣ ሰው ይሳሳታል። ኃጢአቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። ቁርጥ ያንን የመሰለ ባዶ ዲስክ ገዝቼ ገጠምኩ። ሰይድ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ሲመለስ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ስትቸኩል ደምስሰኸው ሄደሃል" አልኩት።

ወሬው ዋጃ ደረሰ። የገዛ ሚዜው ልጃቸውን ደመሰሰው ተባለ። በኛ አገር ሚዜ ማለት የምታውቁት ነው፤ ወንድም ነው፣ ሙሽራው ከሞተ ደግሞ ለእናቱ የቀረላት ልጅ እሱ ነው። ሽማግሌዎች እማ ዘሐራ ግቢ ተቀመጡ። ሰይድ አላጠፋሁም አለ። ወደ እኔ ዞሩና በእምነትህ ማል አሉኝ። እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላሞች። ተነሥቼ በኪዳነ ምሕረት ማልኩ። ምላሴን ምነው በቆረጠው! አንዱ ሼህ እጃቸውን አነሡና "በታቦቱ ከማለማ አለቀ" አሉ። በኛ ዘንድ የሌላውን ሰው እምነት መጠራጠር ነውር ነው። የኔን እምነት ከኔ ይልቅ እነሱ አከበሩት።

ሰይድ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። በጮኸብኝ! እሱ ግን "እንግዲያው እኔው ነኝ። ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ ሳላውቀው እጄ ሠርቶት ይሆናል" አለ። መሐላዬን አምኖ ራሱን ካደ። እማ ዘሐራ እግር ላይ ወደቀ። እሳቸው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው "ከዓይኔ አርቁልኝ" አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም።

ከግቢው ስንወጣ ተከተለኝ። በሐሰት አስጠርጥሬሃለሁ፣ አውፍ በለኝ አለኝ። እኔም አውፍ አልኩት። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ይቅር አልኩት! እስኪ ንገሩኝ፣ ከዚህ የባሰ ውርደት አለ?

ሰይድ ወደ አፋር ወርዶ የቀን ሥራ ያዘ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም፤ እጄን አላምነውም ይላል። እማ ዘሐራ ዛሬም አሉ፤ ውሃ የሚቀዳላቸው የጎረቤት ሰው ነው። ዋጃ ሩቅ አይደለም። ሄጄ አንድ ቃል ብናገር ልጅ ያገኛሉ፣ እሱም እናት ያገኛል። ለምን አልሄድኩም? ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብሰጣችሁ ውሸት ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ሳይገባኝ ይቅር ባይ ሆኜ የኖርኩ ሰው ይህን የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ባለፈው አረፋ ሰይድ ደወለልኝ። በየበዓሉ ይደውላል። "ጋሼ፣ አላህ ይስጥህ፤ አንተ ይቅር ባትለኝ ኖሮ እኔ አብጄ ነበር" አለኝ።

"አይዞህ" አልኩት።