የዕድሩ ድስት መዝገብና የልጄ ኮምፒውተር

ልጄ ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያው ጎን የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ስትከፍት፣ "ይኼ ከሠራ እቀራለሁ፤ ካልሠራ እሄዳለሁ" አለችኝ። ፓስፖርቱን እኔ ጋ አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ታመመ ሕፃን ስሰጋለት ኖርኩ።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚሉት፣ ቫይረስ ብዙም በማይደፍረው ሥርዓት ነው፤ ደንበኛው ሁሉ በፍላሽ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ። ሆዱ ግን ጠባብ ነው። ፕሮግራም በተጨመረ ቁጥር ከኢንተርኔት የወረደው ጥቅል እዚያው እየተከማቸ ይሞላዋል። የት ይቀመጥ?

ከዳባት ባለሙያ ተጠራ። ከረባቱን አስሮ፣ በሚኒባሱ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ መጣ። ከውጭ የሚሰካ፣ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ዲስክ አወጣ።

"ጥቅሉንም፣ ምን ምን እንደተጫነ የሚጻፍበትን መዝገብም እዚህ ላይ አዛውረዋለሁ" አለ።

"መዝገቡንም?" አልኩ። የሴቶች ዕድር ድስት ጠባቂ እኔ ነኝ። ድስቱ ዕቃ ቤት ይቆለፋል፤ ማን ስንቱን እንደወሰደ የተጻፈበት ደብተር ግን ጸሐፊዋ ቤት ነው። አብረው ቢቆለፉ፣ ቁልፉ የጠፋ ቀን ስንት ድስት እንዳለን ማን ይነግረናል?

"እትዬ፣ ይኼ ድስት አይደለም" ብሎ ሳቀብኝ። ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ከከረባት ጋር ምን አከራከረኝ? እሱም መዝገቡን ጭምር አዛውሮ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰክቶት ሄደ።

ሱቁ ሲዘጋ በሐሳቤ ሌባ ታየኝ። ዲስኩን ነቅዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቤት ወስጄ ጎታው ውስጥ ገብስ አለበስኩት።

በማግሥቱ ልጄ ለአዲሱ ማተሚያ ፕሮግራም ልትጭን ብትል፣ ኮምፒውተሩ ያለውንም የሌለውንም አላውቅም አለ። ብዙ ታገለችው። ኋላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

"በቃ እማዬ፣ ፓስፖርቴን አምጪልኝ።"

ቤት ሄድኩ። እጄን ገብሱ ውስጥ ስሰድ ዲስኩም ፓስፖርቱም እዚያ ናቸው። ዲስኩን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

"ማን ነቀለው?"

"ሌባ እንዳይነካው ብዬ ነው።"

"ታዲያ ሌባዋ አንቺ ነሻ" አለችኝ። ሰካችው። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተሩ ሆድ መለሰች፤ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ጥቅሉን ዲስኩ ላይ ተወችው። ማተሚያው ጮኸና ወረቀት ተፋ።

ባለሙያው ሲሰማ፣ "እኔም ድሮ ያልኩት እንደዚያ ነው" አለ አሉ።

ፓስፖርቱ አሁንም ገብሱ ውስጥ ነው። የት እንዳለ የትም አልጻፍኩም።