የአያ ይርዳው ታንኳና የብርሃን ነገር

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ በሐይቁ ዳር አለፍሁ። ሚያዝያ ስለሆነ ጣና ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ መንገዱ ዳር የማንጎ ልጣጭ ተበትኗል፤ ነፋሱ የደንገልና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ያመጣል። አንድ ሰው ታንኳውን ብቻውን ወደ ውሃው ሊገፋ ይታገል ነበር። በታንኳ ጭራ ላይ የተዘረጋ መዳፍ ባየሁ ቁጥር ወንድሜ ትዝ ይለኛል፤ ቆምሁ።

አያ ይርዳው ታላቄ ነበር። በታንኳው ከደሴት ወደ ከተማ ማገዶ ያመላልሳል። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ካገኘሁት የፊዚክስ መጽሐፍ ጋር ብቻዬን እታገል ነበር። “ሊቁ፣ ዛሬስ ምን ተገኘ?” እያለ ያሾፍብኛል፤ መልሴን ሳይሰማ ግን አይሄድም።

ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነውና ውሃ ይጠጣል። ሥራ ሲያበቃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ያደርቁታል። ውሃ ውስጥ ያደረ ታንኳ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ወንድሜ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር።

ከዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ታመመ። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉ። መድኃኒቱን እየዋጠም መነመነ፤ ቀበቶው ሱሪውን አልይዝ ስላለ በገመድ ማሰር ጀመረ። ታንኳዋ በጋውን ሙሉ ዋርካው ላይ ተደግፋ ቆመች።

ሚያዝያ ላይ እናታችን በሞተር ጀልባ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ጠበል ልትወስደው ተነሣች። እምቢ አለ።

“በገዛ ታንኳዬ ነው የምሻገር። አንዴ ልግፋት፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።”

“ኩባያ ማንሣት አቅቶህ ታንኳ ልትገፋ ነው ልጄ?”

“ኩባያውን ማን ይሸከምልኛል እማ? ታንኳዋን ሐይቁ ይሸከማታል።”

እኔና ጎረቤታችን ልናወርዳት ስንይዛት ደነገጥሁ፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ቀላለች። እንዲህ ደርቃ አይቻት አላውቅም። የሚሠራባት ሰው አጥታ ነው የቀለለች።

“ወጥተህ ተቀመጥ፤ ሸክም ይኑራት” አለኝ ወንድሜ። እሱ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በሁለት መዳፉ ገፋ። አልነቃነቅ አለች። ደገመ። እናታችን ዳር ላይ ፊቷን አዞረች።

“ሐይቁ ተሸክሟት የለም እንዴ? ታዲያ ምነው እምቢ አለች?” አለኝ እያለከለከ።

“ሐይቁ የሚሸከመው ክብደቷን ነው። መጽሐፉ መጠነ ቁስ የሚለው ግን አብሯት አለ። የቆመውን አልሄድም፣ የሄደውን አልቆምም የሚያሰኘው እሱ ነው።”

“ሁሉም ነገር አለው?”

“ብርሃን የለውም። ስለዚህ ቆሞ አያውቅም፤ ልቁም ቢልም አይችልም።”

ውሃው ላይ የምታብረቀርቀውን ፀሐይ አየ። “አንዴም አያርፍ?”

“አንዴም።”

“ምስኪን” አለ።

ከዚያ መላ አካሉን ጥሎባት ገፋ። ሄደች። እሱም ጭራዋ ላይ በሆዱ ወደቀ፤ በክንዱ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። “አየሃት? ሄደች!” እያለ፣ እየሳለ ሳቀ። እስከ ደሴቱ የቀዘፍሁት እኔ ነኝ። በመንገዳችን፣ ደቃቅ ቅንጣቶች መጠነ ቁሳቸውን የሚያገኙት መጽሐፉ መስክ ከሚለው፣ ዓለምን ሁሉ ከሞላ የማይታይ ነገር እንደሆነ፣ ታንኳ ከሐይቁ እንደሚጠጣው ማለት ነው፣ ብርሃን ግን ሳይርስ እንደሚያልፍ ነገርሁት። ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም፤ ውሃ የሚሄደውን ያዘገያል፣ ያ መስክ ግን አያዘገይም። ይህንንም ጨመርሁለት። “ተወው፣ ገብቶኛል” አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ትከሻዬ ላይ አልከበደኝም። ከደጃፋችን ስንነሣ ግን እግሬ አልነቀል አለኝ።

“ወንድም፣ እባክህ አንዴ አግዘኝ” አለኝ ያ ባለፈው ሳምንት ታንኳውን ብቻውን ሲገፋ ያየሁት ሰውዬ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ታንኳው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ሄደ። እርጥብ መዳፌን ይዤ ቀረሁ። ያኔ መጽሐፌን ይዤ ብርሃንን አደንቅ ነበር፤ ወንድሜ ግን አዘነለት። አሁን እኔም አዝንለታለሁ። ጣናን አቋርጦ ያልፋል እንጂ አንድም ዳርቻ ላይ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

“ስትመለስ አውጥተህ አድርቀው!” ብዬ ጮህሁ።

“ይህም ይነገራል?” አለ ሰውዬው፣ እየሳቀ፣ እየራቀ።