የአምስት ሰዓት ተኩል በረራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ፣ ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ አነበበችልኝ። ርቀቱም አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለች። እዚያ ያለውን አጎቷን ሄዳ ልትጠይቀው አምሯታል። እኔ ይህን ቁጥር እሷ ሳትወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መርሳት ብችል መጀመሪያ የምረሳው እሱን ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቡታጅራ ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ተካ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከከፈተ አራት ዓመት ሆኖታል። ለመስቀል እንደሚመጣ ነግሮን ስለነበር እማዬ ከነሐሴ ጀምራ ቅቤ ታጠራቅም ነበር። እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ግን ታመመች። ሆስፒታል አስተኛናት፤ ሐኪሙ ሩቅ ያለ ልጅ ካላት ቶሎ ጥሩት አለን።

አጎቴ ጋሽ ወልዴ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዞ አስጠነቀቀኝ። በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ደንግጦ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል አለ። በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አሁንም ነው። እኔም ደግነት መሰለኝ።

ተካ እሑድ እሑድ ጎረቤት ቤት እየደወለ እማዬን ያናግር ነበር። የዚያን እሑድ እኔ ብቻዬን ስቀርብ ጠረጠረ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ነገ አውሮፕላን አለ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ከነገ ወዲያ ቡታጅራ ነኝ።»

«ጉንፋን ቢጤ ነው፣ ወንድም ጋሼ። በቆረጥከው ትኬት ለመስቀል ና።»

እማዬ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ኖረች። ሰውነቷ እንጂ አእምሮዋ አልደከመም። ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ተካ መጣ ወይ ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይም ጠየቀችኝ፤ እየመጣ ነው አልኳት። ከሰዓት በኋላ አረፈች።

በደመራ ዕለት ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሼ፣ ከአጎቴ ጋር ኤርፖርት ተቀበልኩት። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ቤት ተገብቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው። ቡታጅራ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው፤ ሰው ችቦ ተሸክሞ ይሄዳል። ተካ ለእማዬ የገዛውን ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ቀለሙን ትወደው እንደሆነ ጠየቀኝ። ትወደዋለች አልኩት። አፌ እንዴት እንዳልተሳሰረ ዛሬም ይገርመኛል።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ ጎረቤቶቻችን መኪናውን አይተው እየጮኹ ወጡ። ተካ መውረድ አቃተው። ብዙ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ስደውልልሽ በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች።»

«ጠርታኛለች?»

«ሰው አታውቅም ነበር። ብትመጣም አታውቅህም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ያን ጊዜ እፎይ ማለቴን ሳስታውስ ራሴን እጠላዋለሁ።

አሁን የሁለታችንም ፀጉር ሸብቷል። ስንት ጊዜ ልንገረው ብዬ ተነስቼ ስንት ጊዜ ተውኩት። በየመስቀሉ ይደውላል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ ነገሩ ወደ እማዬ መዞሩ አይቀርም።

«እንኳንም ሳትጠራኝ ሞተች» ይለኛል።

«እንኳንም» እለዋለሁ።