የኮከብ ገልባጭና የጎሬ ዝናብ

ኮከብ ገልባጭ መኪና ልትገዛ መሆኗን መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው፤ መጀመሪያ የሳቅሁባትም እኔ ነኝ። እሷ የቢሮው ታይፒስት፣ እኔ መዝገብ ቤት። ጠረጴዛዎቻችን ስለተጠጋጉ እሷ ስትመታ የእኔ ፋይሎች ይንቀጠቀጣሉ። ብስክሌት እንኳ ነድታ የማታውቅ ሴት ገልባጭ ምን ያደርግላታል ብዬ አላገጥኩባት። የሚነዳ ሰው አይጠፋም አለችና ወረቀቷን ቀይራ መምታቷን ቀጠለች።

ሐሳቡን ከሰው አልሰማችውም፤ ከገዛ ደብዳቤዋ ነው ያገኘችው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና አራተኛ ዓመቷ ነበር። ሦስት ቢሮ አንድ አዳራሽ ውስጥ በመጋረጃ ተከፋፍሎ ይሠራል። በየሰፈሩ መሠረት ይቆፈራል፤ ትምህርት ቤት ይጀመራል፣ ጤና ጣቢያ ይጀመራል፣ ከዚያ ሁሉም ይቆማል። ለምን እንደቆመ የምትጽፈው ኮከብ ናት። "አሸዋ በወቅቱ ባለመቅረቡ ሥራው የተጓተተ መሆኑን እናሳውቃለን" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዓይኗን ጨፍና ትመታው ነበር። አሸዋው ደግሞ የትም አልሄደም፤ በበጋ ባሮ ሲጎድል ከድልድዩ ላይ ሆኖ ላየው ሰው እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። የጠፋው የሚያመላልሰው መኪና ነው። እኔ ያንኑ ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ ስንት ጊዜ ፋይል ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ምንም አልታየኝም።

ኮከብ የጎሬ ልጅ ናት። ጋምቤላ የመጣችው መምህር ባሏን ተከትላ ነው። ባሏን ወባ ቀማት፤ ልጇን ሩሐማን ብቻዋን አሳድጋ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል አድርሳታለች። እኛ ከደጋ የመጣን ሠራተኞች በዚያ ዘመን አዲስ መዋቅር ወጣ በተባለ ቁጥር እንሰጋ ነበር፤ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሸኝ የሚታወቀው ዝርዝሩ ሲለጠፍ ነው። ዝርዝሩን የምትተይበው ኮከብ ስለሆነች ከሁላችን አንድ ቀን ቀድማ ትፈራ ነበር። የምትፈራው ሥራ ማጣቱን ብቻም አልነበረም። ሥራው ከቀረ ጎሬ ተመልሳ ወንድሟ ልዑልቃል ቤት መግባቷ፣ ከሚስቱ እጅ ሳሙና እየጠየቀች መኖሯ ነው እንቅልፍ የሚነሳት።

ለመኪናው የሚሆነውን ገንዘብ ያገኘችው የአባቷን ቤት ድርሻዋን ለዚሁ ወንድሟ ሸጣ ነው። የፈረመችበትን ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"እንግዲህ ጋሼ አሸብር፣ መመለሻዬን ሸጥኩት" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መሳቁን ተውኩ።

መኪናዋን ያገኘናት መቱ ነው፤ ትንሽ፣ ያገለገለች አይሱዙ ገልባጭ። ሴት ብቻዋን ብትሄድ ያታልሏታል ብዬ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ባለቤቱ አብዱልከሪም የሚባል አንደበተ ለስላሳ ነጋዴ ነበር። ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አበራ፣ አሸዋ የሚጫንበትን የኋላውን ካሶኒ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አንስቶ መለሰ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ጎማ መምታት ምን እንደሚያሳይ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰው ሲያደርግ አይቼ ነው። ኮከብ ጠጋ ብላ፣ ጭነት ይዞስ ያነሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባዶውን እንዲህ የሚያነሳ ጭነት ያቅተዋል እንዴ ብዬ አሳፈርኳት።

አቃተው። ጋምቤላ ገብተን የመጀመሪያውን አሸዋ ሞልተን አዲስ በሚሠራ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ግንበኛው ሁሉ ከቦ እያየ፣ ካሶኒው ትንሽ ቀና አለና አቃስቶ ተመልሶ ተኛ። አብዱልከሪም ዋሽቷል አልልም፤ ጭነህ አሳየን አላልነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሹ በአካፋ እየወረደ ግማሹ ብቻ ይገለበጥ ጀመር። ግንበኞቹ መኪናዋን "ወገቤን" ብለው ሰየሟት። ኮከብ ተናደደች፣ ከዚያ እሷም ሳቀች። ሾፌሩ አብኔር፣ ከቀድሞው የመንግሥት እርሻ የተቀነሰ ብዙ የማያወራ ሰው፣ አካፋ ሲያነሳ "ወገቤን" እያለ ይጀምራል። ያም ሆኖ አሸዋው ይደርስ ነበር፤ እሷም ያችን ደብዳቤ መምታት ቀነሰች።

አሸዋውን የምንጭነው ከዲዩ መንደር ፊት ለፊት ነው። ዲዩ አኙዋክ ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከወንዙ ዳር በቆሎ አለው፣ ቤቱ ከዳገቱ ላይ ማንጎው ሥር ነው። ኮከብ መኪናዋ ከመግባቷ በፊት ራሷ ወርዳ ዲዩንና የመንደሩን ሽማግሌዎች ከዚህ ብንጭን ትፈቅዳላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ለዚህም አሾፍኩባት። የወንዝ አሸዋ ደግሞ ባለቤት አለው እንዴ አልኳት። ሰው ያለበት ቦታ ሳይጠየቅ አይገባም አለችኝ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ኮከብ ለቅሶ ስለነበረባት ሥራውን እንድከታተልላት ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ሰው ፊት አለቃ መሆን እወዳለሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ጭነት ሞልተን ስንነሳ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ ሰመጡ። አብኔር ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይበልጥ ትሰምጣለች። ጭነቱን ገልብጠን እንዳናቀልላት ካሶኒው አይነሳም። አብኔር ግንባሩን ጠርጎ፣ መንደር ወጥቼ ሰው ልጥራ፣ ዛሬውኑ እናውጣት አለኝ። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንዲት ደመና የለችበትም። ሰው ሁሉ ደክሞታል፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በደንብ እናወጣታለን፣ የሚዘንብ ነገር የለም ብዬ ወሰንኩ። አብኔር አንድ ጊዜ ወንዙን አየ፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ፣ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ለኮከብም አሸዋው ላይ ታድራለች፣ ሰማዩ ንጹህ ነው፣ አታስቢ አልኳት። አመነችኝ።

እሑድ እኔና ኮከብ ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላችንን እንዳጣፋን ወደ ወንዙ አመራን። ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ወደ ታች ያያል። ባሮ ሲሞላ ከተማው እንዲህ ነው፤ ሥራ ያለውም የሌለውም ቆሞ ያያል። የሰውን ትከሻ ገፋ አድርጌ ቁልቁል ስመለከት አሸዋ የሚባል ነገር የለም። ትናንት በእግራችን የተመላለስንበት ሁሉ ቡናማ ውኃ ሆኗል፤ ግንድ ይዞ ቅጠል ይዞ ይሄዳል። ሰማዩ እንደ ትናንቱ ንጹህ ነው።

"የት ነበር ያቆማችኋት?" አለችኝ ኮከብ።

ጣቴን ቀሰርኩ። የጠቆምኩበት ቦታ ላይ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ እየተሽከረከረ አለፈ። ኮከብ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ነጠላዋን ሰብስባ ድልድዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መቱ ላይ ዝም ያሰኘኋት እኔ፣ አብኔርን የከለከልኩት እኔ፣ አታስቢ ያልኳት እኔ። የአንዲት እናት ቤት በእኔ አፍ ውኃ በላው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ተነስታ ወደ መንደሩ መውረጃ መሄድ ጀመረች። ምናልባት የተረፈ ጎማ ልትፈልግ ይሆናል ብዬ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኩ። ዳገቱን ወጥተን ወደ ዲዩ ግቢ ስንታጠፍ ማንጎው ሥር መኪናዋ ቆማለች። ካሶኒዋ ባዶ ነው፤ ጭቃ እስከ በሯ ድረስ ተለጥፏል፤ ሴቶቹ ጎኗ ላይ የታጠበ ልብስ አስጥተውባታል። የአብኔር ሁለት እግሮች በመስኮቱ ወጥተዋል፤ ያንኮራፋል። ኮከብ ሄዳ ጭቃውን በመዳፏ ነካችው፣ ከዚያ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ አለቀሰች። እኔ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ፤ ደስታው እንባ ሆኖ ሲመጣ አልከለከልኩትም።

ዲዩ መረቡን እየጠገነ ነበር። ነገሩን የነገረን በቀስታ ነው። ቅዳሜ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል መረብ ሊያነሳ ሲወርድ ውኃው ላይ አረፋና እርጥብ ቅጠል ሲመጣ ያያል፤ ወንዙ ሊሞላ መሆኑ ይገባዋል። ሰው ልኮ አብኔርን ያስጠራዋል። ሌሊቱን መንደሩ ተነስቶ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አሸዋውን በሳፋና በአካፋ አወረዱት፤ ከጎማዎቹ ሥር የበቆሎ አገዳ ጎዘጎዙ፤ በገመድ እየጎተቱ እየገፉ ዳገቱን አወጧት። ውኃው የኋላ ጎማዋን ሲነካ ነው የወጣችው። አብኔር ሄጄ ለኮከብ እነግራለሁ ብሎ ትንሽ ልረፍ ባለበት ነው እንቅልፍ የወሰደው።

"ግን እኮ ዝናብ አልነበረም" አልኩ፤ እንደዚያም ሆኖ አፌ አላረፈም።

ዲዩ ከመረቡ ቀና ብሎ አየኝ። "እዚህ አይዘንብም" አለ። "ጎሬ ነው የሚዘንበው። ጎሬ ዘነበ፣ ባሮ መጣ። ሰማይ ምን አየህ?"

ኮከብ ዘወር አለች። ተወልዳ ያደገችው ጎሬ ነው፤ ያ ውኃ የተነሳው ከሸጠችው ቤት ጣሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ከእሷ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት? ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባትና ዲዩን ምን ላድርግላችሁ ብላ ጠየቀችው።

"ምንም" አለ። "አንቺ ጠይቀሽ ገባሽ። ጠይቆ የገባ ሰው ዕቃው እኛ ጋ ነው።"

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰኞ ጧት ቢሮ ከመግባታችን በፊት ኮከብ ቴሌ ይዛኝ ሄደች። ኦፕሬተሯ ጎሬን እስክታገናኝ ብዙ ጠበቅን። ልዑልቃል ሲያነሳ ኮከብ ሰላምታውን አሳጥራ፣ ዝናብ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። መስመሩ ስለሚጮህ ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። ቤቱን በመሸጧ ተጸጽታ፣ ሰበብ ፈልጋ የደወለች መስሎታል።

"ዝናቡ አላባራም" አለ። "ክፍልሽ ግን አላፈሰሰም። እኅቴ፣ ያ ወረቀት ወረቀት ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልገባም፤ ቁልፉ እናታችን ሣጥን ውስጥ ነው። በመጣሽ ቀን ትከፍቺዋለሽ።"

ኮከብ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እሺ ብቻ አለችው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷን ግን ያንን የመዋቅር ዝርዝር መተየብ ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም። በራፉ ላይ ሆና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

"ለአብኔር ንገረው ጋሼ አሸብር" አለችኝ። "ጎሬ ዛሬም እየዘነበ ነው። አሸዋ የለም።"